ጉርሻውንም እጁንም እዩ

ልጆች፣ ዕድሜዬን የጨረስኩት በሥጋ ደዌ ላይ ነው፤ ግማሹን ክሊኒክ፣ ግማሹን ላቦራቶሪ። ስለ ቲ ሴል፣ በሽታን ስለሚከላከለው ነጭ የደም ሴል፣ ስትጠይቁኝ ብዙዎቻችሁ ከአንድ ስህተት ትነሳላችሁ። ቲ ሴሉ ባክቴሪያውን አይቶ ዘሎ የሚይዘው ይመስላችኋል። አያየውም! ሙሉውን ባክቴሪያ ፊቱ ብትደቅኑለት ዝም ብሎ ያልፋል።

መጀመሪያ ሌላ ሴል፣ ማክሮፋጅ ወይም ዴንድሪቲክ ሴል፣ ባክቴሪያውን ይውጠዋል። ይፈጨዋል። ከዚያ ከፕሮቲኑ አንዲት ቁራጭ ያነሳና ኤችኤልኤ በሚባል ሞለኪውል ይዞ ወደ ውጭ ይዘረጋታል። ጉርሻ በሉት። የቲ ሴሉ ሪሴፕተር፣ መዳሰሻው ማለት ነው፣ ጉርሻውንም የሚያጎርሰውንም እጅ አንድ ላይ ነው የሚዳስሰው። ዚንከርናገል እና ዶኸርቲ የሚባሉ ሁለት ተመራማሪዎች ይህን ነገር በአይጥና በቫይረስ አሳይተው እ.ኤ.አ. በ1996 ኖቤል ተሸልመውበታል። እጁ ደግሞ ከእናትና ከአባት የሚወረስ ነው፣ የእኔና የእናንተ አይመሳሰልም፣ ስለዚህ የእኔ ሴል የሚያነሳትን ቁራጭ የእናንተ ጭራሽ ላያነሳት ይችላል።

የሥጋ ደዌ ባክቴሪያ ግድግዳ ደግሞ በቅባት የተሞላ ነው። ለቅባቱ ሌላ እጅ አለ፣ ሲዲ1 ይባላል፤ ይሄኛው ከሰው ሰው ብዙም አይለያይም። ክትባት የምታስቡ ልጆች እዚህ ጋ ቆም በሉ።

ሪሴፕተሩ ራሱ ተሠርቶ የሚያልቀው ከጀርሙ ጋር ከመገናኘቱ በፊት ነው። ታይመስ በሚባለው የደረት ዕጢ ውስጥ ጂኖቹ እየተቆረጡ እንደዕጣ ይቀጣጠላሉ። ታዲያ አንዱ ሰው ቆዳው ላይ ሁለት ሦስት ደንዛዛ ነጣ ያሉ ቦታዎች ብቻ ወጥተውበት ባክቴሪያው ተፈልጎ ሲጠፋ፣ ሌላው ከጆሮው ጫፍ በተወሰደች ጠብታ ላይ ባክቴሪያዎቹ በማይክሮስኮፕ ሲታዩ እንደ ቀያይ ዘንጎች፣ እንደ ችቦ ታስረው የሚታዩት ለምንድን ነው? ጀርሙ አንድ ነው። የሁለተኛው ሰው ቲ ሴሎች ለሌላ ጀርም ሊነሱ ይችላሉ፣ ለዚህኛው ግን ዝም ይላሉ። እኔን ዕድሜ ልኬን እንቅልፍ የነሳኝ ይህ ዝምታ ነው።

ባክቴሪያው በቲ ሴል መታወቁም ግን ሁሌ ደግ አይደለም። ወጣት ሆኜ ክፍለ ሀገር በአንዲት ክሊኒክ ስሠራ፣ መድኃኒቱን በደንብ የሚወስድ አንድ ገበሬ መጣ። ቆዳው ላይ የነበሩት ቦታዎች ቀልተው አብጠዋል፣ ክርኑ ላይ ያለው ነርቭ እንደ ገመድ ወፍሯል፣ ሲነካ ያመዋል። መድኃኒቱ አልሠራም አልኩና ሌላ ልቀይርለት ተነሳሁ። ቀናት አለፉ። በኋላ አንዲት አንጋፋ ሲስተር አየችውና «ሰውነቱ ነቅቶ ነው እኮ» አለችኝ። ልክ ነበረች። ቲ ሴሎቹ ተነስተው ነርቭ ውስጥ የተደበቀውን ባክቴሪያ ሲያገኙ እብጠቱ ነርቩን አንቆት ነበር። እብጠት የሚቀንሰውን ፕሬድኒሶሎን ሰጠነው፣ የሥጋ ደዌ መድኃኒቱንም አላቋረጥንም፣ ግን ዘግይተናል። የቀለበት ጣቱና ትንሿ ጣቱ ተቆልምመው ቀሩ። ማረሻ የሚይዝበት እጁ ነበር።

ስለዚህ ሪሴፕተር ስታጠኑ በሽተኛውን አትርሱት። ይሄ ባክቴሪያ በላቦራቶሪ ሳህን አይበቅልም፣ አንዴ ለመከፈል ሁለት ሳምንት ገደማ ይፈጅበታል፤ ስለዚህ የምትማሩት ከሰው ነው። ደሙን ለምን እንደምትወስዱ በሚገባው ቋንቋ ንገሩት። «ቁምጥና» የሚለው ቃል ከአፋችሁ አይውጣ፣ ሰው ይሰብራል።

ነገ የደም መውሰጃ ቱቦ ይዛችሁ ስትሄዱ ትንሽ ጥጥ ያዙ። ዓይኑን ይጨፍን፣ በጥጡ ነካ አድርጉትና የቱ ጋ እንደነካችሁት በጣቱ ያሳያችሁ። ክርኑን ከጀርባው ዳብሱ። ነርቩ ካበጠ ወይም ካመመው ደሙ ይቆይ፣ ሐኪም ጥሩ።