ቻርጀሩን ከመቀየራችሁ በፊት

ልጆች፣ እንዴት ናችሁ?

እኔ ደብረ ብርሃን ላይ ባትሪና ዲናሞ ስነካካ ያረጀሁ ሰው ነኝ። ሰሞኑን እኔ ጋ ሥራ የተማረ ልጅ ከባሕር ዳር ደወለ። ጣና ላይ የጀልባ ሞተር ይጠግናል። «ጋሼ፣ የአንድ ሰውዬ ባትሪ ቶሎ ቶሎ እያለቀ ነው። ቻርጅ ማድረጊያውን በሙሉ እንቀይርለት እንዴ?» አለኝ። «ለክተኸዋል?» ስለው ዝም። ስለዚህ ለእሱም፣ ሶላርና የመኪና ኤሌክትሪክ ላይ አሁን ለምትገቡትም ልጻፍ ብዬ ነው።

አዲስ ዕቃ መግጠም ደስ ይላል፤ ደንበኛም ልቡ ይረጋል። ግን «ቻርጅ አላደርግ አለ» ተብሎ ከሚመጣልኝ ውስጥ ብዙው ጥፋቱ ቻርጀሩ ላይ አይደለም።

መሐል ሜዳ አንዲት ባለሱቅ አሉ። ሶላራቸው ማታ 2 ሰዓት ሳይሞላ ይደክማል። አንድ ባለሙያ «ኮንትሮለሩ (ከፓኔሉ ወደ ባትሪው የሚገባውን የሚቆጣጠረው) ትንሽ ነው፤ ትልቁን ይግዙ» ብሏቸዋል። ፀሐይ ጥሩ በነበረበት ሰዓት ቴስተሬን አወጣሁ። ኮንትሮለሩ መውጫ ላይ 14.3 ቮልት። ባትሪው ራስ ላይ 13.4። ወደ 1 ቮልት የሚጠጋው የት ገባ? ገመዱ በላው! ኮንትሮለሩ ሱቁ ግድግዳ ላይ፣ ባትሪው ጓዳ፤ መሀላቸው 5 ሜትር፣ ገመዱ ባለ 1.5 ካሬ ሚሊሜትር። በዚያ ላይ 8 አምፒር ያልፍበታል። ኮንትሮለሩ የሚያየው የራሱን ጫፍ ስለሆነ ባትሪው የሞላ መስሎት ይቀንሳል። ባትሪው ግን ሁሌ ጎዶሎ ነው፤ እርሳሱ ላይ ሰልፌት የሚባል ጨው ይጋገርበታል። ኮንትሮለሩን ባትሪው አጠገብ አመጣነው፤ ገመዱን ባለ 6 አደረግነው። «ይኸው ነው?» አሉኝ። ትንሽ ቅር ያላቸው መሰለኝ።

ስትለኩ ሰዓት ምረጡ። ከቻርጅም ከጭነትም ተላቆ ጥቂት ሰዓት ያረፈ ባለ 12 ቮልት የእርሳስ ባትሪ 12.6 ወይም 12.7 ካሳየ ሞልቷል። 12.2 ግማሽ ገደማ ነው። መኪና ከሆነ ሞተሩ ተነሥቶ ባትሪው ራስ ላይ ከ13.8 እስከ 14.4 ካገኛችሁ ዲናሞውን ተዉት፤ ባትሪውን ጠርጥሩ። ካነሰም ዲናሞ ከመፍታታችሁ በፊት ቺንጊያው ላልቶ፣ የባትሪው ራስ ዝጎ፣ ወይም ቦዲ ላይ የታሰረው ኔጋቲቭ ተፈትቶ እንደሆነ እዩ።

የኛ አገር ደግሞ የራሱ ጣጣ አለው። ሸዋ ሮቢት ላይ ላብ ያሰመጠው ሰው ጣርማ በርን ወጥቶ እዚህ ሲደርስ ጋቢ ይፈልጋል። ባትሪም እንደዚያው ነው። የቀዘቀዘ ባትሪ ለመሙላት ከፍ ያለ ቮልት፣ የሞቀው ዝቅ ያለ ይፈልጋል። ባለ 12 ቮልቱ በየ10 ዲግሪው ከ0.2 እስከ 0.3 ቮልት ይለያያል። እዚህ ልክ የሆነው ቮልት ሸዋ ሮቢት ላይ ውሃውን አፍልቶ ይጨርሰዋል። ባትሪው ላይ የሚለጠፍ ሙቀት መለኪያ ሽቦ ላለው ኮንትሮለር ትንሽ መጨመር ያዋጣል።

መቀየር ግድ የሚሆንበትም ጊዜ አለ። ባለ 250 ዋት ትልቅ ፓኔል፣ በ30 ቮልት ገደማ የሚሠራውን፣ ፒደብልዩኤም በሚባለው፣ ፓኔሉን በቀጥታ ከባትሪው በሚያገናኝ ርካሽ ኮንትሮለር ባለ 12 ቮልት ባትሪ ላይ የሚያስሩ አሉ። አምፒሩ 8 ገደማ ነው፤ ቮልቱ ደግሞ ወደ ባትሪው ወርዶ 13 ይሆናል። ስታባዙት 100 ዋት ትንሽ አለፍ ያለ ነው። ከግማሽ በላይ ሜዳ ላይ ቀረ ማለት ነው። ይሄኔ ኤምፒፒቲ የሚባለውን፣ ትርፉን ቮልት ወደ አምፒር የሚለውጠውን ኮንትሮለር ግዙ ብላችሁ ምከሩ፤ ሳታፍሩ።

ደንበኞቻችሁን ሊቲየም ባትሪ ካማራቸው ግን ቀስ በሉ። ባትሪ ብቻ ለውጦ መገላገል የለም። ሊቲየም የሰጡትን ሁሉ ስለሚስብ ዲናሞው ሙሉ ጉልበቱን ሲሰጥ ውሎ ሊቃጠል ይችላል። ጀልባ ላይ ከሆነ ደግሞ ይሄ የሚደርሰው ውሃ መሀል ነው። በመካከል የሚገባ፣ ከባትሪ ወደ ባትሪ የሚሞላ ቻርጀር ያስፈልጋል። ከዜሮ ዲግሪ በታች ደግሞ የተለመደውን ሊቲየም ቻርጅ ማድረግ ይጎዳዋል። የኅዳርን ውርጭ የምታውቁ ታውቁታላችሁ፤ ውጭ የሚያድር መኪና ላይ ይሄ ቀልድ አይደለም።

በመጨረሻ ስለ ገንዘብ። ለመለካት አስከፍሉ። «ምንም ሳትቀይር?» የሚል አይጠፋም፤ ይበል። የለካችሁትን ቁጥር ከነቀኑ ጽፋችሁ ስጡት፤ ከስድስት ወር በኋላ ሲጠራችሁ የምታስተያዩት እሱን ነው። ወረቀቱን ባትሪው ላይ ግን አትለጥፉት፤ አሲዱ ይበላዋል። ግድግዳው ይሻላል።