ቁጥሩ ያሽቆለቆለበት ሩብ ዓመት

የፕሮጀክቶችን ሥራና ውጤት በሚለካው በክትትልና ግምገማ ሙያ ገና ጀማሪ የሆነች አንዲት ወጣት በቅርቡ ጽፋልኝ ነበር። የምትሠራበት ፕሮጀክት ሴቶች በአካባቢ የሰላም ኮሚቴዎችና በምርጫ እንዲሳተፉ ይደግፋል። «በሦስተኛው ሩብ ዓመት ወደ ስብሰባ የመጡት ሴቶች ቁጥር ቀነሰ» ትላለች። «አለቆቼ ምክንያቱን በአንድ መስመር እንድጽፍ ጠይቀውኛል። ምን ብዬ ልጻፍ?»

መልሱን ለእርሷ ብቻ ልልክ ጀምሬ ነበር። እየረዘመ ሲሄድ ግን በዚሁ ሙያ ላላችሁ ወጣቶች ሁሉ ይሁን አልኩ። ጥያቄዋ ብዙ ዘመን አብሮኝ የኖረ ቁጭት ቀስቅሶብኛልና እርሱን ሳላወራ ምክር ልስጥ ብል አይሆንልኝም።

ያኔ በአንድ ድርጅት የመረጃ ክፍል ጀማሪ ሠራተኛ ነበርኩ። ከመስክ የሚመጡትን የተሳታፊዎች መመዝገቢያ ቅጾች እሰበስባለሁ፤ ወንድና ሴት ለይቼ እደምራለሁ፤ ድምሩን ሰንጠረዥ ላይ አሰፍራለሁ። ፕሮጀክቱ በግጦሽና በውኃ ምክንያት ደም የተቃቡ ሁለት አጎራባች ማኅበረሰቦች የጋራ የሰላም ኮሚቴ እንዲያቋቁሙ ያግዝ ነበር። ከኮሚቴው አባላት ሢሶው ሴቶች እንዲሆኑ ታቅዷል። ዋናው አመልካች፣ ማለትም ሥራው የሚለካበት ቁጥር፣ አንድ ነው፤ በስብሰባ የተገኙ ሴቶች ብዛት።

መጀመሪያ ላይ ቁጥሩ ከታሰበው በላይ ወጣ። ሪፖርቱ ተመሰገነ፤ ከዋናው መሥሪያ ቤት የደስታ መልእክት መጣ። ከዚያ በአንድ ሩብ ዓመት ውስጥ ከግማሽ በታች ወረደ።

በመስክ ላይ የነበሩት ባልደረባዬ በዕድሜ ከእኔ በጣም የሚበልጡ፣ ከመምህርነት ወደዚህ ሥራ የመጡ ሴት ነበሩ። የታዘዙትን ቅጽ ሞልተው ይልካሉ፤ ከቅጹ ሌላ ግን ማንም ያላዘዛቸውን አንድ ደብተር ይይዙ ነበር። ደብተሩን ያየሁት ሪፖርት ሊያስረክቡ ቢሮ በመጡ ጊዜ ነው። ለእያንዳንዱ ስብሰባ አንድ ገጽ አለው። በገጹ ላይ የተቀመጡት ሰዎች በየቦታቸው ተሥለዋል፤ ወንዶቹ በመስቀል፣ ሴቶቹ በትንሽ ክብ። አንድ ሰው በተናገረ ቁጥር ከምልክቱ ወደ መካከል አንድ መስመር ይሰመራል። ንግግሩ በሌላ ሰው ከተቋረጠ መስመሩ ላይ አጭር ሰረዝ ይገባል። በኅዳጉ በኩል በደቃቅ ጽሕፈት «ሐሳቡ የእርሷ፤ ቃለ ጉባኤው ላይ በእርሱ ስም» የሚል ዓይነት ማስታወሻ አለ።

ባልደረባዬ ገጾቹን እየገለጡ አሳዩኝ። ቁጥሩ በተመሰገነባቸው በእነዚያ ወራት ክቦቹ ብዙ ናቸው፤ ሁሉም ግን በሩ አጠገብ፣ ከኋላ ተደርድረዋል። ከእነርሱ የሚነሣ አንድም መስመር የለም። እኔ ከፍተኛ ብዬ የደመርኩት ተሳትፎ ገጹ ላይ ሲታይ ዝምታ ነበር።

ቀጥሎ ያለው ገጽ እስከ ዛሬ ዓይኔ ላይ አለ። ከአንዲት ክብ አንድ መስመር ወጥቷል፤ ሰረዝ ገብቶበታል። ሴትዮዋ የውኃው ተራ ለአንዱ ወገን ጠዋት፣ ለሌላው ከሰዓት በኋላ ይሁን ብላ ነበር። ማንም አልመለሰላትም። ቆይቶ አንድ የተከበሩ ሽማግሌ ያንኑ ሐሳብ አነሡት፤ ሁሉም ተስማማ፤ ቃለ ጉባኤው የሽማግሌው ሐሳብ አድርጎ መዘገበው። በሚቀጥለው ስብሰባ ሴትዮዋ የለችም። ከእርሷ ጋር ሌሎችም ቀርተዋል።

ባልደረባዬ የት ሄዱ ብለው ፍለጋ ወጡ። ያገኟቸው ውኃው ዘንድ ነው። የሁለቱ ወገን ሴቶች ድሮም በየቀኑ እዚያው ይገናኙ ነበር፤ አሁን ግን ተራውን ራሳቸው ማስከበር ጀምረዋል። የጠፋ ከብት ወዲያኛው ወገን ሲገባ ወሬው ወንዶቹ ጋ ሳይደርስ ይመልሱታል። አንዱ ወገን ለበቀል ሲያደባ ለሌላው ወገን ሴቶች ይነግራሉ። ወደ ኮሚቴው የሚልኩት ሁለት ተወካዮች ብቻ ነው፤ እነዚህ ሁለቱ የሚናገሩት ደግሞ አስቀድሞ የተመከረበትን ነው። በመጨረሻዎቹ ገጾች ላይ ክቦቹ ሁለት ብቻ ናቸው፤ ግን ከፊት ተቀምጠዋል፤ ከእነርሱ የሚነሡት መስመሮች ደግሞ እርስ በርስ እስኪደራረቡ ድረስ በዝተዋል።

ባልደረባዬ ይህን ሁሉ ጽፈው ላኩ። የሪፖርቱ ቅጽ «ለልዩነቱ ምክንያት» የሚል ጠባብ ሳጥን ነበረው። ጽሑፉ ከአንድ ቢሮ ወደ ሌላው እየተላለፈ፣ በየደረጃው እያጠረ ሄዶ በመጨረሻ «በሥራ ጫና ምክንያት» የሚል ሐረግ ብቻ ቀረ። ቁጥሩም ግቡን አልመታም ተብሎ በቀይ ተቀባ። በፕሮጀክቱ ቀጣይ ምዕራፍ ሴቶቹን የሚመለከተው ክፍል ውጤት አላሳየም ተብሎ ተሰረዘ። ቢሮው ሲዘጋ ሰነዶቹ በካርቶን ታሽገው ሄዱ። ባልደረባዬ አሁን በሕይወት የሉም፤ ደብተሩም የት እንደደረሰ የሚያውቅ የለም። በኋላ በሠራሁባቸው ቦታዎች ሁሉ እንደዚያ ደብተር ያለ ማስረጃ አልገጠመኝም። የሚቆጨኝ ይህ ነው።

እንግዲህ ልጄ፣ አለቆችሽ የጠየቁሽን አንድ መስመር ከመጻፍሽ በፊት የቀሩት ሴቶች የት እንዳሉ ሄደሽ እዪ። ምናልባት ተስፋ ቆርጠው ይሆናል። ምናልባት ተዝቶባቸው ይሆናል። ምናልባትም ሥራው ወደ ሌላ ቦታ ተሸጋግሮ ይሆናል። ሦስቱም ሰንጠረዡ ላይ አንድ ዓይነት ቁጥር ይሰጣሉ፤ ፕሮጀክቱ ሊያደርገው የሚገባው ነገር ግን ለየቅል ነው።

ይህ የአንድ አካባቢ ገጠመኝ ብቻ እንዳይመስላችሁ። የላይቤሪያን ሴቶች አስቡ። እ.ኤ.አ. በ2003 (ከዚህ በኋላ የምጠቅሳቸው ዓመታትም እንዲሁ ናቸው) የአገሪቱን የእርስ በርስ ጦርነት ለማቆም በጋና ዋና ከተማ በአክራ የተካሄደው የሰላም ድርድር ሲጓተት በሰላም ታጋይዋ በለይማ ግቦዊ የተመሩት ሴቶች የአዳራሹን በር ዘግተው ተደራዳሪዎቹ ሳይስማሙ አይወጡም አሉ። ስምምነቱ ነሐሴ ውስጥ ተፈረመ። በር የዘጉት ሴቶች ተደራዳሪ አልነበሩም። «በድርድር ጠረጴዛ ዙሪያ የተቀመጡ ሴቶች» የሚል አመልካች ብቻ ይዞ የሄደ ሰው እነርሱን የሚመዘግብበት ቦታ አያገኝም ነበር። የሰላም ተመራማሪዋ ታንያ ፓፈንሆልዝና ባልደረቦቿ 40 ያህል የሰላምና የሽግግር ሂደቶችን አጥንተው የደረሱበትም ከዚህ አይርቅም፤ ከስምምነት መድረስና ከስምምነቱ መጽናት ጋር አብሮ የሚሄደው ሴቶቹ በሂደቱ ላይ ያሳደሩት ተጽዕኖ ነው፤ መገኘታቸው ብቻውን ያን ያህል አይናገርም።

ይህን ስል ቁጥርን አቃልላችሁ እንድትተዉት አይደለም። ለቁጥር ከሚሟገቱት ወገን ነኝ። የተባበሩት መንግሥታት የጸጥታው ምክር ቤት ሴቶች በሰላም ሂደቶች እንዲሳተፉ የሚጠይቀውን ውሳኔ ቁጥር 1325 ያሳለፈው በጥቅምት 2000 እ.ኤ.አ. ነው። መልካም ቃል ነበር፤ ግን ማን ምን እንደሠራ የሚለካበት መስፈሪያ አልነበረውም። በ2009 ውሳኔ 1889 አመልካቾች እንዲዘጋጁ ጠየቀ፤ በ2010 ዋና ጸሐፊው 26 አመልካቾችን አቀረቡ። እነዚያ አመልካቾች ባይኖሩ መንግሥታት የፈለጉትን እየተናገሩ ይኖሩ ነበር። በቤጂንጉ የሴቶች ጉባኤ ዓመት፣ በ1995፣ በዓለም ፓርላማዎች የሴቶች ድርሻ 11.3 በመቶ ነበር፤ ዛሬ 27 በመቶ ገደማ ነው። ሠላሳ ዓመት የፈጀውን የዚህን ጉዞ አዝጋሚነት ያለ ቁጥር በምን እናሳያለን?

የሕንድ ነገርም አለ። በ1993 ሥራ ላይ የዋለው 73ኛው የሕገ መንግሥት ማሻሻያ ከመንደር ምክር ቤት ወንበሮችና ከሊቀ መንበርነቱ ሢሶውን ለሴቶች አደረገ። ብዙዎች ባሎች ናቸው በሚስቶቻቸው ስም የሚመሩት እያሉ ተቹት፤ ይህ የታየባቸው ቦታዎችም ነበሩ። ተመራማሪዎቹ ቻቶፓድያይና ኤስተር ዱፍሎ በ2004 ያሳተሙት ጥናት ግን ሊቀ መንበርነቱ ለሴት በተያዘባቸው መንደሮች ምክር ቤቶቹ ሴቶች አጥብቀው በሚጠይቋቸው ነገሮች ላይ፣ በተለይ በመጠጥ ውኃ ላይ፣ የበለጠ ገንዘብ እንዳዋሉ አሳየ። መገኘት ብቻውን ምንም አይደለም የሚለው የእኔ አስተያየት እዚህ ላይ ይሰናከላል። ሁለቱንም ይዤ ነው የኖርኩት፤ እናንተም ሁለቱን ይዛችሁ መሥራት ትችላላችሁ።

ስለ እናንተ ትውልድ የማስበውንም ልናገር። በስልካችሁ መረጃ ትሰበስባላችሁ፤ ማታ ቢሮ ሳትገቡ ካርታና ሥዕል ተሠርቶ ያድራል። እኛ ወር የሚፈጅብን የነበረ ሥራ ነው። አለቃን ደፍሮ በመጠየቅም ከእኛ ትሻላላችሁ፤ ያቺ ወጣት የጻፈችልኝን ጥያቄ እኔ በዕድሜዋ ለማንም አላነሣሁትም ነበር። ነገር ግን አንድ ስብሰባ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ቁጭ ብሎ የሚያዳምጥ የክትትል ባለሙያ እየጠፋ ነው። የመገኘት ቅጽ ይሞላል፣ ፎቶ ይነሣል፣ መኪናው ይነሣል። ስብሰባው እውነተኛ የሚሆነው አብዛኛውን ጊዜ እንግዳው መኖሩ ከተረሳ በኋላ ነው። ያን ሰዓት መጠበቅ አለባችሁ። ይህ የእናንተ ጥፋት ብቻ እንዳልሆነ አውቃለሁ፤ የመስክ ቀን የሚቆርጥላችሁ ሌላ ሰው ነው።

ስለ መነሻ መረጃ፣ ስለ አመልካች አጻጻፍ አልዘረዝርም፤ ሥልጠናው ሞልቷል። አንድ ነገር ግን በሥልጠናው ላይ ሲያልፉት አያለሁ። የተሳታፊዎች ስም፣ ስልክ፣ መንደርና ፊርማ የሰፈረበት ወረቀት ግጭት ባለበት ቦታ አደገኛ ሰነድ ነው። ማን ከማን ጋር ለዕርቅ እንደተቀመጠች ይናገራል። ለሒሳብ ማወራረጃ ፊርማ ያስፈልጋል ሲሏችሁ ስሙን በመለያ ቁጥር ለውጣችሁ፣ ዝርዝሩን ለብቻው ዘግታችሁ የምትይዙበትን መንገድ ከገንዘብ ክፍሉ ጋር ሥራው ሳይጀመር ተነጋገሩ። የፎቶም ነገር እንዲሁ ነው። አንዲት ሴት ፎቶዋ እንዲነሣ ፈቀደች ማለት ፊቷ በየስብሰባ አዳራሹ ሸራ ላይ እንዲዘረጋ ፈቀደች ማለት አይደለም። እንደዚያ ውኃ ዳር ያለ ምክክር ደግሞ በሪፖርት ላይ ቦታውና ሰዓቱ ከተጻፈ ሊፈርስ ይችላል። ሴቶቹ ምን እንዲጻፍና ምን እንዲቀር እንደሚፈልጉ መጠየቅ የሥራው አካል ነው።

ከስብሰባ ውጭ የሚሆነውን ለመያዝ የሚረዱ ዘዴዎችም አሉ፤ እንደ ተጨማሪ ጌጥ አትዩአቸው። በ1990ዎቹ የግምገማ ባለሙያው ሪክ ዴቪስ ባንግላዴሽ ውስጥ የጀመረው ዘዴ ሰዎችን በእናንተ አመልካች ሳያጥር፣ ባለፈው ጊዜ ከመጡት ለውጦች ሁሉ የቱ ይበልጥብሃል ብሎ ይጠይቃል፤ ከዚያ የተሰበሰቡት ታሪኮች በየደረጃው እየተመረጡ ምርጫው ለምን እንደሆነ ይጻፋል። ያቺ የውኃ ተራ ያሰበች ሴት እንዲህ ተብላ ብትጠየቅ ኖሮ ቅጹ ላይ ያልነበረውን ነገር ትነግረን ነበር። ምርጫውን የሚያደርጉት የቢሮ ሰዎች ብቻ ከሆኑ ግን ቢሮ የሚወደው ታሪክ ብቻ ወደ ላይ ይወጣል፤ መራጮቹ መካከል የአካባቢው ሴቶች ይቀመጡ።

የጊዜውም ነገር አለ። የኮሎምቢያ መንግሥት በ2016 ከፋርክ አማፅያን ጋር ሰላም ሲፈርም ስምምነቱ ራሱ የአፈጻጸም ክትትሉን በአሜሪካ የኖትር ዳም ዩኒቨርሲቲ ለሚገኘው ለክሮክ ተቋም ሰጠው። ተቋሙ ስምምነቱን 578 በሚለኩ ቃል ኪዳኖች ከፋፍሎ ከዓመት ዓመት ሲከታተል ቆይቷል። ከእነዚህ 130ዎቹ የሴቶችንና የጾታ እኩልነትን ጉዳይ የሚመለከቱ ናቸው፤ አፈጻጸማቸው ከሌሎቹ ወደ ኋላ መቅረቱ የታወቀው በዚህ ቆጠራ ነው። ክፍተቱ ከዓመት ዓመት መቀጠሉ ደግሞ በአንድ ዓመት ሪፖርት ብቻ አይታይም ነበር።

እኛ ግን ፕሮጀክቱ ሲዘጋ ተመልሰን አልሄድንም። የሁለቱ ወገን ሴቶች ውኃው ዘንድ የጀመሩት ነገር ጸና ወይስ ፈረሰ፣ የውኃውን ተራ ያሰበችው ሴት ኋላ ወደ ኮሚቴው ተመለሰች ወይስ ለምክር ቤት ተወዳደረች፣ ማንም የጠየቀ የለም። ለመመለሻ የተያዘ በጀት አልነበረም። ስለዚህ የፕሮጀክት ሐሳብ ስትጽፉ፣ ሥራው ካበቃ ከሁለት ዓመት በኋላ አንድ ሰው ሄዶ እነዚያኑ ሴቶች የሚያነጋግርበትን ወጪ ራሱን በቻለ መስመር ጽፋችሁ አስገቡ። ለጋሾች ከፕሮጀክቱ ዘመን ውጭ ገንዘብ አንይዝም ይላሉ። በሌላ ፕሮጀክት በኩል፣ በዩኒቨርሲቲ ጥናት በኩል፣ በአካባቢው የሴቶች ማኅበር በኩል ማድረግ ይቻላል፤ የጥናት ተማሪዎች ያለ ብዙ ወጪ ሊሠሩት የሚችሉት ነው። የሚያነጋግሯቸው ሴቶች እንዴት እንደሚገኙ ግን ፕሮጀክቱ ሳይዘጋ ከሴቶቹ ጋር ተስማምታችሁ፣ ማኅበራቸው ዘንድ በአደራ አስቀምጡ።