ጥያቄና መልስ፦ ፕሮቲኑ ሥራውን ሳያጣ ምልክት መለጠፍ

መምህር፦ ጠይቁ። የፕሮቲኑን ስም፣ በፈሩን (ፕሮቲኑ ያለበትን ፒኤች ጠባቂ ፈሳሽ) እና ፒኤቹን (የአሲድነት ልኩን) ግን ጻፉልኝ።

ከደሴ፦ መምህር፣ ኢንዛይሜ ላይ ኤፍአይቲሲ የሚባለውን የሚያበራ ቀለም ለጠፍኩ፤ በባይካርቦኔት፣ ፒኤች 9። ቀለሙ ይዟል፣ ኢንዛይሙ ግን ሞተብኝ። ምን ይሉኛል?

መልስ፦ አብሽር፣ ይስተካከላል። ቀለም አብዝተሃል። ኤፍአይቲሲ በዋናነት ላይሲን የሚባለውን የፕሮቲን አሚኖ አሲድ ነው የሚይዘው፣ ላይሲን ደግሞ በየቦታው ስላለ ኢንዛይሙ ሥራ የሚሠራበት ቦታ ላይም ከኖረ እሱንም ይደፍነዋል። ማብዛቱ ለድምቀት እንኳ አይጠቅምም፤ ቀለሞቹ ሲጠጋጉ የአንዱን ብርሃን ሌላው ያጠፋዋል። ስለዚህ በትንሹ ጀምረህ በተለያየ መጠን ሞክር፣ የእያንዳንዱን ሥራ በፊትና በኋላ ለካ። ሌላም መላ አለ። ቀለሙን ከመጨመርህ በፊት ቦታውን በሰብስትሬት (ኢንዛይሙ በሚሠራበት ንጥረ ነገር) ወይም በሚለቅ አጋጅ (ሥራውን ለጊዜው በሚያግድ ነገር) ያዝለት፤ አሚን (ቀለሙ የሚይዘው የናይትሮጅን ክፍል) የሌለው ይሁን እንጂ። ስትጨርስ በኮለን (ትንንሽ ሞለኪውሎችን ከፕሮቲን በሚለይ ማጣሪያ ቱቦ) ታጥበዋለህ። ከሥራ ቦታው ራቅ ያለ ነፃ ሲስቴይን (ሌላ አሚኖ አሲድ) ካለው ደግሞ እሱን የሚይዝ የማሌይማይድ ቀለም በፒኤች 7 አካባቢ ይሻልሃል። ትሪስ የሚባለውን በፈር ግን እንዳትነካ! አሚን ስላለው ቀለሙን ለራሱ ይወስደዋል።

ከመርሳ፦ የቱ ቀለም ይሻላል?

መልስ፦ ለምን ሥራ? ለየትኛው ፕሮቲን? ጻፉ ብያለሁ።

ከኮምቦልቻ፦ ደሴዎች፣ ቀለሙን ከፕሮቲኑ ጋር ለምን ሁለት ሰዓት ታቆያላችሁ? እኛ ጋ አንድ ሰዓት ይበቃል።

ከደሴ፦ የእናንተ ክፍል ሙቀትና የእኛ አንድ ነው እንዴ? እዚህ በጠዋት እጅ ይደነዝዛል።

ከኮምቦልቻ፦ መመሪያው «ክፍል ሙቀት» ነው የሚለው።

መልስ፦ በቃ ተዉት። 25 ዲግሪ ውሃ ውስጥ አስቀምጡና በቴርሞሜትር ተከታተሉ።

ከሐይቅ፦ መምህር፣ ጨረር አመንጪው አዮዲን 125 ለምልክትስ? በክሎራሚን ቲ ሆርሞኑ ተበላሸብን።

መልስ፦ ክሎራሚን ቲ አዮዲኑን ታይሮሲን በሚባለው አሚኖ አሲድ ላይ በፍጥነት ያስገባል፣ ግን ኦክሲዳይዘር (ኤሌክትሮን የሚነጥቅ ኬሚካል) ነው፤ ሜቲዮኒን የሚባለውን አሚኖ አሲድም አይምርም። በ1973 የወጣውን የቦልተንና ሃንተር መንገድ ሞክሩ። አዮዲኑ አስቀድሞ ሪኤጀንቱ ላይ ተይዞ ስለሚመጣ ፕሮቲናችሁ ኦክሲዳይዘሩን አያገኘውም። የሚያያዘው ላይሲን ላይ ነውና እዚህም ትሪስ የለም። የአዮዲኑ ግማሽ ዕድሜ (ጨረሩ በግማሽ የሚቀንስበት ጊዜ) 60 ቀን ገደማ ነው፣ አታዘግዩት። ፈቃድና ፊውም ሁድ (ትነቱን ስቦ የሚያወጣ የላብራቶሪ ሳጥን) የሌለው ግን አይንካው። አዮዲን ይተናል፣ ታይሮይድ ውስጥ ይገባል።

ከወረኢሉ፦ ፕሮቲኔ ትሪስ ውስጥ ነው ያለው፣ ችግር አለው?

መልስ፦ ሁለቴ ተናገርኩ እኮ! በዳያሊሲስ (ትንንሽ ሞለኪውሎችን ብቻ በሚያሳልፍ ከረጢት) ወደ ባይካርቦኔት ቀይር።

ከወልድያ፦ ቀለም የያዘውን እንዴት ላቆየው? መብራት ይጠፋብናል።

መልስ፦ ትንንሽ አድርገህ ከፋፍለህ፣ ከብርሃን ከልለህ አቀዝቅዘው። አንዴ የቀለጠውን መልሰህ አታቀዝቅዝ። ከማስቀመጥህ በፊት ግን ሥራውን ለካ።