መንታ ከዋክብት አብረው ይወለዳሉ ወይስ በኋላ ይገናኛሉ?

ጥያቄ፦ በጥር ወር ማታ 3 ሰዓት ገደማ ከሐይቅ ከተማ ወጣ ብዬ፣ ወንድሜ በተወልኝ ባይኖኩላር ከኦሪዮን ሦስት የመቀነት ኮከቦች በታች ጭጋግ የመሰለ ነገር አየሁ። የከዋክብት መወለጃ መሆኑን ሰምቻለሁ። ብዙ ኮከቦች መንታ ናቸውም ይባላል፤ አብረው ተወልደው ነው ወይስ በኋላ ተገናኝተው?
(አንድ አንባቢ፣ ከደቡብ ወሎ)

መልስ፦ መንታ የምንላቸው በስበት ተሳስረው እርስ በርስ የሚዞሩ ሁለት ኮከቦች፣ በአብዛኛው አብረው ይወለዳሉ። ሁለት መንገደኛ ኮከቦች ቢቀራረቡ እንኳ፣ ከፍጥነታቸው የሚቀንስላቸው ሌላ አካል ካልተገኘ ተላልፈው ይሄዳሉ እንጂ አይያያዙም።

ቀዝቃዛ የጋዝና የአቧራ ደመና በራሱ ስበት ሲሰበሰብ፣ በውስጡ ያለው ትርምስ በየቦታው ቋጠሮ ያበጃል፤ ጎን ለጎን የተቋጠሩ ሁለቱ፣ በመካከላቸው የመሬትንና የፀሐይን ርቀት ብዙ ሺህ እጥፍ የሚያህል ክፍተት እያለ እንኳ ተሳስረው ሊቀሩ ይችላሉ። ቀረብ ያሉት መንታዎች ደግሞ ከአንድ ዲስክ ሊወጡ ይችላሉ፤ ቋጠሮው ሲጠብብ ሽክርክሪቱ ስለሚፈጥን በዙሪያው ዝርግ ዲስክ ይፈጠራል፣ ዲስኩም ሲከብድ ይከፋፈላል። እ.ኤ.አ. በ2016 ይፋ የሆነው፣ በቺሊ ያለው አልማ የተባለ የራዲዮ ቴሌስኮፕ ያነሳው ምስል፣ በፐርሲየስ ደመና ውስጥ ሦስት ጨቅላ ኮከቦችን በአንድ ዲስክ አሳይቷል።

እኔን ይበልጥ የሚያስደንቀኝ ግን ከልደት በኋላ የሚሆነው ነው። በእኛ የዘመን ቆጣሪዎች ዘንድ ሠውር በሚባለው በታውረስ፣ ወደ 450 የብርሃን ዓመት ርቆ ባለው ደመና፣ ወጣት ኮከቦች ተበታትነው ይኖራሉ፤ መንታዎቹም ፀሐይን ከመሰሉት ጎልማሳ ኮከቦች መካከል ካሉት በድርሻ (ከመቶው ስንቱ መንታ ነው በሚለው) በእጅጉ ይበልጣሉ። እርስዎ ባዩት የኦሪዮን ጭጋግ ውስጥ፣ ዕድሜው ከዚያ ብዙም ሳይለይ፣ ተራርቀው የተሳሰሩ መንታዎች ጥቂት ናቸው። የሁለቱ ቦታዎች መንታዎች ገና ሲወለዱም ይለያዩ ነበር የሚሉ አሉ፤ ለእኔ ግን ዋናው ምክንያት በኦሪዮን ጭጋግ ያሉት ኮከቦች መጨናነቅ ይመስለኛል። በባቲ የሰኞ ገበያ እጅ ለእጅ የተያያዙ ሁለት ሰዎች ግርግሩን አልፈው ይወጣሉ፤ አሥር እርምጃ ተራርቀው የሚሄዱት ግን ይጠፋፋሉ። ዳግላስ ሄጊ የተባለ የከዋክብት ተመራማሪ እ.ኤ.አ. በ1975 በስሌት እንዳሳየው፣ በሌሎች ኮከቦች ግፊያ ላልቶ የታሰረው ጥንድ ይፈታል፣ ጠብቆ የታሰረው ይብሱን ይጠብቃል።

በባይኖኩላርዎ በጭጋጉ መሃል እንደ አንድ ነጥብ የሚታይዎት፣ በአነስተኛ ቴሌስኮፕ ቢያዩት አራት ኮከቦች ይሆናል። ከአራቱ ደማቁም ብቻውን አይደለም፤ በ11 ዓመት ገደማ አንድ ዙር የሚያጠናቅቅ ጓደኛ አለው፣ በመካከላቸው ያለውም ክፍተት በአማካይ የመሬትንና የፀሐይን ርቀት 20 እጥፍ ያህል ብቻ ነው።