ልጆች ወደ ክፍል ሲመለሱ፦ የታችኛው ክፍል መምህርት ለወላጆች ጥያቄ የሰጡት መልስ

ትምህርት ቤቶች በኮሮና ወረርሽኝ ምክንያት መጋቢት 7 ቀን 2012 ከተዘጉ በኋላ ልጆቻችን በቴሌግራም፣ በሬዲዮና በቴሌቪዥን ሲማሩ ቆይተው በ2013 ወደ ክፍል ተመለሱ። ከመካከላችን አማርኛ በማስተማር የቆዩት መምህርት በዚያን ጊዜ የወላጆችን ጥያቄ እንዲህ መልሰው ነበር።

የ2ኛ ክፍል ተማሪ እናት፦ መምህር፣ ልጄ ቤት ሳለ ሀሁን እስከ መጨረሻው ይወጣው ነበር። ክፍል ሲገባ ግን «ማንበብ አይችልም» አሉኝ። እንዴት ሊሆን ይችላል?

መምህርት፦ ይሆናል እንጂ። ልጅዎ የያዘው ዜማውን ነው። «ለ ሉ ሊ ላ» ብሎ ሲወርድ አፉ ይቀድማል፤ ዓይኑ ግን ፊደሉ ላይ የለም። ክፍል ውስጥ ቢሆን መምህሩ በመጠቆሚያ እየዘለለ ይጠይቀው ነበር። ዛሬ ማታ ከገበታው መካከል «ሴ»ን ብቻ ያሳዩት። «ሰ ሱ ሲ ሳ» ብሎ ቆጥሮ ከደረሰበት ፊደሉን ገና አልለየውም ማለት ነው። ከዚያ «ሎ»ን፣ «ቡ»ን፣ «ጊ»ን እያዘበራረቁ ይጠይቁት። የቄስ ትምህርት ቤት ተማሪ ከሀሁ ቀጥሎ አቡጊዳ ይገባል። «አ ቡ ጊ ዳ ሄ ው ዞ» ሲል የለመደው ቅደም ተከተል ስለሚፈርስበት ፊደሉን በመልኩ መለየት ግድ ይሆንበታል። ይህን የመሰለ መድኃኒት በእጃችን እያለ ልጆቹን ገበታውን ከላይ እስከ ታች ማስጮህ ያሳዝነኛል። በቃል የተሸመደደ ንባብ አይደለም።

አንድ አባት፦ ልጁ የአፍና አፍንጫ መሸፈኛ ቀኑን ሙሉ አድርጎ መዋሉ አይጎዳውም?

መምህርት፦ ይህን ሐኪም ይጠይቁ። በእኔ በኩል የሚያሳስበኝ የመምህሩ አፍ መሸፈኑ ነው። ሕፃን ንግግር የሚለየው በጆሮው ብቻ ሳይሆን የተናጋሪውን አፍ እያየም ነው። በስልክ በተላከ ድምፅ ሲማሩ ከርመው አሁን ደግሞ አፉ የተሸፈነ መምህር ፊት ተቀምጠዋል። «ጠረጴዛ»ን «ተረጴዛ»፣ «ቀለም»ን «ከለም» ብለው የጻፉ ልጆች ደብተር ዘንድሮ በብዛት አርሜያለሁ። ቤት ውስጥ፣ ፊት ለፊት ተቀምጣችሁ፣ ቃሉን ቀስ ብላችሁ እየተናገራችሁ አጽፏቸው።

ሌላ እናት፦ ልጄ ደካማ ነው። ምን ላድርግ?

መምህርት፦ በምን ነው የደከመው? ስንተኛ ክፍል ነው? አንድ ገጽ አስነብቡትና የቆመበትን ጻፉልኝ።

የ4ኛ ክፍል ተማሪ አባት፦ በ2012 ከ8ኛና ከ12ኛ ክፍል በቀር ሁሉም ያለ ፈተና አልፏል። የእኔም ልጅ እንዲሁ አለፈች። ትድገም ወይ?

መምህርት፦ አትድገም፤ ማለፏን ግን እንደ ዕውቀት አትቁጠሩት። የ3ኛ ክፍል መጽሐፏን አትስጡ፣ አትሽጡ። መምህሯን «መጋቢት ላይ የት ምዕራፍ ደርሳችሁ ነበር?» ብላችሁ ጠይቁና ከዚያ ቀጥሉ። ማባዛት ያልጨረሰች ልጅ ማካፈል ላይ ብትንገዳገድ ጥፋቱ የእሷ አይደለም።

የግል ትምህርት ቤት ተማሪ ወላጅ፦ የመጽሐፍ ገጽ በስልክ አንስተው ለላኩበት ክፍያ መጠየቃቸውስ?

የመምህር ባለቤት፦ መምህሩም ቤተሰብ አለው። ሳይከፈለው በምን ይኑር?

የግል ትምህርት ቤት ተማሪ ወላጅ፦ እኔስ ሥራዬ ቆሞ አልነበረም?

ከገጠር የመጣ ወንድም፦ እናንተ ስለ ክፍያ ትከራከራላችሁ፤ በእኛ ቀበሌ ስልክም ሬዲዮም የሌለው ልጅ ከብት ሲጠብቅ ከረመ።

መምህርት፦ ክፍያውን ከወላጅ መምህር ኅብረቱ ጋር ተነጋገሩበት። ወንድሜ ያነሡት ግን ትልቅ ነገር ነው። ያ ልጅ ሰነፍ ተብሎ የኋላ ወንበር ላይ እንዳይጣል መምህሩን አደራ በሉልኝ።

አዲስ ጠያቂ፦ ልጄ ፊደል ጨርሷል፤ ግን አያነብም።

መምህርት፦ ከላይ በሰፊው መልሻለሁ፤ እባካችሁ አንብቡ። በቃል የተሸመደደ ንባብ አይደለም።

የ1ኛ ክፍል ተማሪ እናት፦ በፈረቃ ስለሚማሩ ቤት በሚውልበት ቀን ገጽ አስገለብጠዋለሁ። ይበቃል?

መምህርት፦ አይበቃም። የሚገለብጥ ልጅ ሳያነብም ይገለብጣል። ሩብ ሰዓት ጮክ ብሎ ያንብብልዎ።

አንዲት ተማሪ፦ እናቴ እንድጠይቅላት ነግራኝ ነው። ማንበብ አትችልም። ታናሽ ወንድሜን እንዴት ትርዳው?

መምህርት፦ ልጄ፣ ይህን ስለጠየቅሽ እግዚአብሔር ይስጥልኝ። እናትሽ በደንብ ትችላለች። ወንድምሽ በጣቱ እየተከተለ ያንብብላት። አንድ ቃል ሲያነብ ታስቁመውና «ይህን ቃል ሌላ ቦታ ፈልገህ አሳየኝ» ትበለው። ሁለቱ ቃላት አንድ ዓይነት መልክ እንዳላቸው ፊደል ያልቆጠረ ሰውም በዓይኑ አይቶ ይለያል። የሚደናቀፍበት ገጽ ላይ በእርሳስ ምልክት ታድርግ፤ ጠዋት መጽሐፉን ለመምህሩ ያሳይ።