«የሚያውቁትን ሁሉ ይጻፉልን»

ይድረስ ለአምዱ አዘጋጅ፣

ጤና ይስጥልኝ። አምድዎን ሁልጊዜ አነባለሁ። አንድ ቀን እኔም እጽፋለሁ ብዬ ግን አስቤ አላውቅም። ዕድሜዬ 49 ነው። ከጽሑፎችዎ እንደተረዳሁት እርስዎ ታላቄ ነዎት። ሲመልሱልኝ «አንቺ» ይበሉኝ። ቢቆጡኝም እቀበላለሁ።

በአንድ የኢንሹራንስ ድርጅት፣ የደንበኞች አቤቱታ ክፍል ውስጥ 21 ዓመት ሠርቻለሁ። ስገባ ፋይሉ ሁሉ ወረቀት ነበር። ከዚያ ሁሉም ነገር ኮምፒውተር ላይ ገባ። እ.ኤ.አ. በ2020 ወረርሽኙ ሲመጣ ደግሞ ላፕቶፓችንን ይዘን ቤት ገባን። አሁን ሁለት ቀን ቢሮ፣ ሦስት ቀን ከቤት ነው የምሠራው። ከሰው ተለይቶ መዋሉ ይከብደኛል፤ ግን ለመድኩት። ለውጥ የምጠላ ሴት አይደለሁም።

ያሁኑ ግን ሌላ ነው። ከስምንት ወር በፊት ለደንበኞች የሚላከውን መልስ የሚያረቅ ሲስተም ገባ። ደንበኛው የጻፈውን ያነባል፤ ወዲያው መልስ ያዘጋጃል። እኛ አይተን፣ አስተካክለን እንልካለን። 11 ነበርን፤ አሁን ስድስት ነን። የተባረረ የለም። በለቀቁት ፋንታ ግን ማንም አልተቀጠረም።

አለቃዬ በዕድሜ በጣም ያንሰኛል። ክፉ ልጅ አይደለም። ባለፈው ወር ጠርቶኝ «ከእርስዎ በላይ ይህን ሥራ የሚያውቅ የለም። የሚያውቁትን ሁሉ ይጻፉልን፤ ሲስተሙ ውስጥ እናስገባዋለን» አለኝ። ስድስት ሳምንት ሰጠኝ። የዕለት ሥራዬ ግን አልተቀነሰልኝም። ያን ቀን ወደ ቤት ስመለስ ያሰብኩት አንድ ነገር ብቻ ነው፤ መቃብሬን በገዛ እጄ ቆፍሪ ተባልኩ።

ሌላም አለ። በየሳምንቱ ማን ስንት መልስ እንደላከ የሚያሳይ ዝርዝር በክፍሉ ግሩፕ ላይ ይለጠፋል። ቀላል ቀላሉን ሲስተሙና ልጆቹ ይጨርሱታል። እኔ ጋ የሚመጣው የተወሳሰበው ነው። አንዱ ፋይል ብቻውን ግማሽ ቀን ይፈጅብኛል። ስለዚህ ስሜ ሁልጊዜ ከታች ነው። ማታም ሜሴጁ አያቆምም። ራት ላይ ሆኜ ስልኬ ይጮሃል።

አሁን የሚያሳፍረኝን ልንገርዎ። ጻፊ የተባልኩትን ጀመርኩ። 34 ገጽ ደረስኩ። ግን አውቄ የዘለልኳቸው ነገሮች አሉ። አንዱ ይህ ነው። ደንበኛ መሞቱ ሲነገረን መልስ ከማዘጋጀታችን በፊት የተቀባዩን ስም እናስቀይራለን። ካልተቀየረ ደብዳቤው የሚወጣው በሟቹ ስም ነው። ከዚያም ለቤተሰቡ አንጽፍም፤ እንደውላለን። ይህ የትም የተጻፈ ደንብ አይደለም። እኔና አንዲት ጡረታ የወጣች ባልደረባዬ ከስንት ስህተት በኋላ ያመጣነው ነው። «ይህች እንኳ ለእኔ ትቅርልኝ» ብዬ ተውኩት።

ከሁለት ሳምንት በፊት ባሏ የሞተባት አንዲት ሴት ክፍያው ዘገየብኝ ብላ ጻፈች። ፋይሉ የደረሰው ከገባች ገና አምስት ወሯ ለሆነ ልጅ ነው። ሲስተሙ ያማረ መልስ አረቀቀ፤ እሷም ላከችው። ደብዳቤው የተጻፈው ለሟቹ ነበር። መጨረሻው ላይ መልካም ጤንነት ይመኝለታል። ሴትዮዋ የመለሰችው አንድ መስመር ብቻ ነው። «ባለቤቴ ሞቷል ብዬ ነበር የነገርኳችሁ።»

ልጅቷ ሽንት ቤት ገብታ አለቀሰች። እኔም ተከትዬ ገብቼ አጽናናኋት። ሳልጽፍ የተውኩት ነገር እንዳለ ግን አልነገርኳትም። ከዚያ ቀን ወዲህ እንቅልፍ የለኝም።

ሁሉንም ጽፌ ልስጣቸው? ከሰጠሁ በኋላስ እኔ ለምን እፈለጋለሁ?

እንቅልፍ ያጣችው እህትዎ

*

ውድ እህቴ፣

እሺ፣ አንቺ ልበልሽ። አልቆጣሽም። ሽንት ቤት ድረስ ተከትለሻት የሄድሽውን ሳነብ ምን ዓይነት ሰው እንደሆንሽ ገባኝ።

ስለ ሲስተሙ ከማውራታችን በፊት ግን ስለ ሁለቱ ሴቶች እናውራ። ያቺ ልጅ እስካሁን ጥፋቱ የራሷ ብቻ ይመስላታል። ንገሪያት። «ይህን የሚከላከል አሠራር ነበረን፤ እኔ ሳልጽፈው ቀረሁ» በያት። ለምን እንዳልጻፍሽው ከጠየቀችሽም እውነቱን ንገሪያት። ፈርተሽ ነው። ምናልባት እሷም ስለ ነገ ትፈራለች። ለአለቃሽም ልጅቷን ነፃ በሚያወጣ መንገድ ተናገሪ። ሴትዮዋን ደግሞ ራስሽ ደውዪላት። ደብዳቤ አይሆንም። ይህን ከእኔ በላይ አንቺ ታውቂዋለሽ።

ቀጥሎ ወደ ጥያቄሽ። አዎ፣ ጻፊው። የዘለልሽውን ሁሉ ጻፊ። ግን ዝም ብለሽ አስረክበሽ አትውጪ። አለቃሽ የጠየቀሽ ትልቅ ነገር ነው። ትልቅነቱን እሱም የተረዳው አይመስለኝም።

እንዲህ የምልሽ በግምት አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2023 ኤሪክ ብሪንዮልፍሰን፣ ዳንየል ሊ እና ሊንድሲ ሬይመንድ የተባሉ ተመራማሪዎች አንድ ጥናት አወጡ። ያጠኑት ከ5,000 በላይ የደንበኞች አገልግሎት ሠራተኞችን ነው። ልክ እንደ እናንተ ሲስተም መልስ የሚጠቁም ኤአይ (ሰው ሠራሽ አስተውሎት) ተሰጥቷቸው ነበር። በሰዓት የሚፈቱት የደንበኛ ችግር በአማካይ በ14 በመቶ ጨመረ። አዲስ በገቡትና ገና ባልሠለጠኑት ላይ ግን ጭማሪው 34 በመቶ ነበር። በአንጋፋዎቹ ላይ ያመጣው ለውጥ ከቁጥር የሚገባ አልነበረም። ለምን መሰለሽ? ሲስተሙ መልሱን የተማረው ከጎበዞቹ ሠራተኞች ንግግር ነዋ! አንጋፋዎቹ ለዓመታት ያካበቱትን ወስዶ ለአዲሶቹ አካፈለ። ለራሳቸው ለአንጋፋዎቹ የሚጨምርላቸው ነገር አልነበረውም። ቀድሞውንም የነሱ ነበርና።

እኔ ይህን ጥናት ሳነብ ሁለት ነገር ነው የተሰማኝ። መጀመሪያ ደስ አለኝ። ገና ሥራ የጀመረች ልጅ የ20 ዓመት ልምድ አጠገቧ ሆኖ ሲረዳት ማየት ትልቅ ነገር ነው። ወዲያው ደግሞ ልቤ አዘነ። ቁጥሩ የሚመዘገበው ለልጆቹ ነው፤ ምስጋናው ለማሽኑ ነው። የዕውቀቱ ባለቤት ግን ዝርዝሩ ግርጌ ላይ ትቀራለች። ያንቺ ታሪክ ይኸው ነው። መቃብሬን ቆፈርኩ ያልሽው ስሜት እውነተኛ ነው። መፍትሔው ግን መደበቅ አይደለም። የደበቅሽው ነገር አንቺን አልጠበቀሽም፤ ሐዘን ላይ ያለች ሴትን ነው የጎዳው።

ስለ ዝርዝሩ ትንሽ ልቆይ፤ ምክንያቱም በጣም ነው ያናደደኝ። ሊዛን ቤይንብሪጅ የምትባል ተመራማሪ እ.ኤ.አ. በ1983 ስለ ፋብሪካና ስለ ቁጥጥር ክፍሎች ስትጽፍ ይህንኑ ታዝባ ነበር። ማሽን ሲገባ ቀላሉን ሥራ ይወስዳል። ለሰው የሚቀረው ማሽኑ ያልቻለው ነው። ስለዚህ የሰውየው ሥራ አይቀልም፤ እንዲያውም ይከብዳል። በዚያ ላይ ቀላሉን በየቀኑ እየሠራ እጁን የሚያፍታታበት ዕድል ይቀንሳል። ከ40 ዓመት በፊት የተባለ ነገር ነው። ያንቺ ክፍል ዛሬም የሚለካው ፋይሉ ሁሉ እኩል እንደሆነ አድርጎ ነው። የግማሽ ቀን ፋይልና የሁለት ደቂቃ ፋይል አንድ አንድ ነጥብ ያገኛሉ። ይህ መስፈርት የተሠራው ለድሮው ሥራ ነው። ለድሮው እንኳ ልክ መሆኑን እጠራጠራለሁ።

ስለዚህ አለቃሽ ጋ ባዶ እጅሽን አትግቢ። የአንድ ወር ፋይሎችሽን መዝግቢ። እያንዳንዱ ለምን አንቺ ጋ እንደመጣ፣ ሲስተሙ ምን ብሎ እንዳረቀቀ፣ አንቺ ምኑን እንደቀየርሽ ጻፊ። አንድ አንድ መስመር ይበቃል። ያ ወረቀት ከማንኛውም ክርክር በላይ ይናገርልሻል። ከዚያ የምትጠይቂውን በግልጽ ጠይቂ። ለመጻፍ የተቆረጠ የሥራ ሰዓት ይሰጥሽ። ከባድ ፋይሎች ለብቻቸው ይቆጠሩ። ሰነዱ ላይ ስምሽ ይኑር። ከሁሉም በላይ ደግሞ ሰነዱን ማስተካከልና የሲስተሙን ረቂቆች መገምገም የአንቺ ኃላፊነት መሆኑ በሥራ መዘርዝርሽ ላይ ይግባ። አለቃሽ በስድስት ሳምንት የሚያልቅ መስሎታል። አያልቅም። ደንቡ ይለወጣል፤ ሲስተሙም ይለወጣል፤ ደንበኛውም ትናንት ያላጋጠመ ነገር ይዞ ይመጣል። ያን ሁሉ እየተከታተለ የሚያርም ሰው ያስፈልጋል። ያ ሥራ ገና ስም አልወጣለትም። አሁን ካልጠየቅሽው ለሌላ ሰው ይሰጣል።

ለዚህ ግን ሲስተሙን ከልጆቹ በላይ ማወቅ አለብሽ። መውደድ አይጠበቅብሽም፤ የት የት እንደሚስት ማወቅ ነው። አንቺው ራስሽ «ያማረ መልስ» ነው ያልሽው። ችግሩ እዚያ ላይ ነው። ሲሳሳትም ያማረ ነው። እ.ኤ.አ. በ2023 ኒውዮርክ ውስጥ ጠበቆች ቻትጂፒቲ የተባለው ጽሑፍ የሚያረቅ ኤአይ የፈጠረላቸውን የፍርድ ውሳኔዎች ሳያጣሩ ለፍርድ ቤት አቅርበው 5,000 ዶላር ተቀጥተዋል። ውሳኔዎቹ ጭራሽ ያልተሰጡ ነበሩ። ግን እውነተኛ ይመስሉ ነበር። ጽሑፉ ስላማረ የማይሸወድ ሰው የሚሆነው ሥራውን በእጁ የሠራ ሰው ነው።

ዶሮቲ ቮን የምትባል ሴት ነበረች። በእንግሊዝኛ «ኮምፒውተር» የሚለው ቃል በፊት የሰው ሥራ መጠሪያ ነበር፤ ስሌት የሚሠራ ሰው ማለት ነው። ቮን አሜሪካ ውስጥ በላንግሊ የምርምር ማዕከል እ.ኤ.አ. ከ1949 ጀምሮ ስሌት የሚሠሩ ጥቁር ሴቶችን ክፍል ትመራ ነበር። ያን ሥራ የሚወስደው ማሽን ሲመጣ ፎርትራን የተባለውን የፕሮግራም ቋንቋ ራሷን አስተማረች። ብቻዋን አልተሻገረችም፤ አብረዋት የሚሠሩትንም አስተማረች። እሷን የማነሳልሽ ሁሉም ሰው እንደሷ ይቀናዋል ለማለት አይደለም። አይቀናውም። ይህን መደበቅ አልፈልግም።

«ሥራሽ በጭራሽ አይነካም» የሚልሽ ሰው ካለ አትመኚው። ገንዘብ የሚከፍለው ማሽን፣ ኤቲኤም፣ እ.ኤ.አ. በ1967 ለንደን ውስጥ ሲተከል የባንክ ገንዘብ ከፋይ ሥራ አለቀለት ማለት የሚቻል ይመስል ነበር። አላለቀለትም። አሜሪካ ውስጥ ቅርንጫፍ መክፈት ስለረከሰ ቅርንጫፎች በዙ፤ ከፋዮችም ለብዙ ዓመታት አልቀነሱም። ሰው ባንኩን በስልኩ መጠቀም ሲጀምር ግን ቁጥራቸው መውረድ ጀመረ። የመጀመሪያው ማሽን ያልወሰደውን ሁለተኛው ሊወስድ ይችላል። ክፍላችሁ ከ11 ወደ ስድስት መውረዱም ቀልድ አይደለም።

ስለዚህ አለቃሽ የጠየቅሽውን ሁሉ እምቢ ካለ፣ አንዱንም ካልሰጠሽ፣ ዕውቀትሽን እንደ ዕቃ ነው የሚያየው ማለት ነው። ያኔ ሌላ ቦታ መፈለግ ጀምሪ። በቁጣ ሳይሆን ተረጋግተሽ። የድርጅቱን ሰነድ ይዘሽ አትውጪ፤ የድርጅቱ ነው። በጭንቅላትሽ ያለው ግን የአንቺ ነው። 34 ገጽ መጻፍሽ ይህንን ራሱን አሳይቶሻል። ከዚያ በፊት ምን ያህል እንደምታውቂ ቆጥረሽ ታውቂያለሽ? እኔ ግን እምቢ የሚል አይመስለኝም። ክፉ ልጅ አይደለም ብለሻል። ማንም አልነገረውም፤ ንገሪው።

ስለ ማታው ሜሴጅ በአጭሩ። ፈረንሳይ እ.ኤ.አ. ከጥር 2017 ጀምሮ 50 እና ከዚያ በላይ ሠራተኛ ያላቸው ድርጅቶች ከሥራ ሰዓት ውጪ ከስልክና ከኢሜይል ስለ መራቅ መብት ከሠራተኛው ጋር እንዲደራደሩ በሕግ ደንግጋለች። ያንቺ አገር ሕግ ምንም ይበል፣ ቢያንስ የክፍሉን ግሩፕ ድምፅ ማታ ማታ ዝጊው። አስቸኳይ ነገር ያለው ሰው ይደውላል። ራት ብዪ።

አንድ ነገር ቀረኝ። ሴትዮዋን ስትደውዪላት ልጅቷን አጠገብሽ አስቀምጫት። መጀመሪያ ሴትዮዋን ጠይቂና ከፈቀደች ድምፁን ክፈቺው፤ ልጅቷ ትስማ። ዝም የምትዪው የት ላይ እንደሆነ፣ ስለ ገንዘቡ መቼ እንደምታነሺ፣ ይቅርታውን እንዴት እንደምትጠይቂ ትይ። በ34 ገጹ ውስጥ ይህን እንዴት አድርገሽ እንደምትጽፊው እኔም አላውቅም። ሞክሪና ምን እንደሆነ ጻፊልኝ።

ታላቅ እህትሽ