የአንባቢያን ጥያቄዎች፦ ጉርሱ ከአፍ እስከ ጨጓራ

ጥያቄ፦ «እያንዳንዱን ጉርስ 32 ጊዜ ማኘክ ያስፈልጋል» ሲባል እሰማለሁ። እውነት ነው?

መልስ፦ ይህን ቁጥር የሚጠይቅ የሰውነት ክፍል የለም። የበሰለ ድንች በጥቂቱ ይላመጣል፤ ሥጋና ጥሬ ካሮት ብዙ ይፈልጋሉ። መለኪያው ጉርሱ ውሃ ሳያስፈልገው የሚንሸራተት መሆኑ ነው። እዚያ የሚያደርሰውም ጥርስ ብቻ አይደለም። ከጆሮ ፊት፣ ከመንጋጋ ሥርና ከምላስ ሥር ያሉ ሦስት ጥንድ እጢዎች በቀን ከ1 እስከ 1.5 ሊትር ምራቅ ያመነጫሉ። ምራቁ በአብዛኛው ውሃ ቢሆንም፣ ጉርሱን የሚያያይዝ ዝልግልግ ነገርና ስታርችን ወደ ስኳር መበጣጠስ የሚጀምር አሚሌስ የተባለ ኢንዛይም አለበት። ነጭ ዳቦ ሳይውጡ ለአንድ ደቂቃ ያህል ቢያላምጡ መጣፈጥ የሚጀምረው በዚህ ምክንያት ነው።

ጥያቄ፦ ውሃ እየጠጣሁ ሳወራ ትን ይለኛል። ጠጣር ምግብ ግን እንዲህ አያደርገኝም። ለምን?

መልስ፦ አየርና ምግብ ከአፍ ጀርባ አንድ መተላለፊያ ይጋራሉ። ከዚያ ዝቅ ሲል የአየሩ ቧንቧ በፊት፣ የምግቡ በኋላ ይለያያሉ። ስለዚህ በዋጥን ቁጥር ትንፋሽ ለአንድ ሰከንድ ያህል መቆም አለበት። በዚያች አጭር ጊዜ ለስላሳው ላንቃ እንጥልን ይዞ ተነሥቶ የአፍንጫውን መንገድ ይዘጋል። ማንቁርት ወደ ላይና ወደ ፊት ይሳባል፤ ጣትዎን አንገትዎ ላይ አድርገው ምራቅዎን ቢውጡ ሲነሣ ይታወቅዎታል። የድምፅ አውታሮች ይገጥማሉ፣ ከላያቸው ያለው ክዳን ይታጠፋል፣ የምግብ ቧንቧውም አፍ ይከፈታል።

ጠጣር ጉርስ ምላስ ወደ ኋላ እስክትገፋው አፍ ውስጥ ይጠብቃል። ውሃ ግን አይጠብቅም፤ መዝጊያዎቹ ከመግጠማቸው በፊት ቀድሞ ሊወርድ ይችላል። ለመናገር ደግሞ አየር በድምፅ አውታሮቹ መካከል ማለፍ ስላለበት፣ እያወሩ መጠጣት መንገዱ ክፍት ሳለ መዋጥ ነው። በትንሽ በትንሹ ይጎንጩ፣ ጭንቅላትዎንም ወደ ኋላ አይቀልብሱ። በየማዕዱ የሚያስል ከሆነ፣ በተለይ ስትሮክ በደረሰበት ሰው ላይ፣ ምግቡ ወደ ሳንባ እየገባ ሊሆን ስለሚችል መመርመር ያስፈልጋል።

ጥያቄ፦ የዋጥኩት ክኒን ደረቴ መሃል የቀረ ይመስለኛል። ምግብ የሚወርደው በራሱ ክብደት አይደለም?

መልስ፦ አይደለም። የምግብ ቧንቧው በአዋቂ ሰው 25 ሴንቲ ሜትር ገደማ ይረዝማል፤ ከላይ ወደ ታች በሚሄድ የጡንቻ መኮማተር ጉርሱን ከ8 እስከ 10 ሰከንድ ውስጥ ጨጓራ ያደርሰዋል። ቁልቁል ተዘቅዝቀውም ቢውጡ ይሠራል። ክኒን ግን ትንሽና ደረቅ ስለሆነ ግድግዳው ላይ ሊለጠፍ ይችላል። ዶክሲሳይክሊን የተባለውን አንቲባዮቲክና ኢቡፕሮፌን የተባለውን የሕመም ማስታገሻ የመሰሉት በተለጠፉበት ያቆስላሉ። ክኒኑን ተቀምጠው ወይም ቆመው፣ በአንድ ሙሉ ብርጭቆ ውሃ ይውሰዱ፤ ከዚያ በኋላ ለግማሽ ሰዓት አይተኙ። ምራቅ እንኳ አልወርድ ካለ ሳይውሉ ሳያድሩ ሐኪም ቤት ይሂዱ።

ጥያቄ፦ ማታ ቃር ያስቸግረኛል። ትራስ ብደራርብም አልተሻለኝም።

መልስ፦ ትራሱ ራሱ እያባባሰው ሊሆን ይችላል፤ ወገብን አጥፎ ሆድን ይጫናል። የምግብ ቧንቧው ከጨጓራ በሚገናኝበት ቦታ ቀለበት መሰል ጡንቻ አለ። ሥራው ስንውጥ ላልቶ ማሳለፍ፣ ከዚያም መጥበቅ ነው። ጨጓራ ሲወጠር ግን ሳንውጥም ለአፍታ ይላላል። ግሳት የሚወጣው በዚህ መንገድ ነው። ቁጭ ባሉበት ሲላላ በአብዛኛው አየር ይወጣል፤ ተኝተው ሲላላ አሲዱ ይከተላል። የጨጓራ ፈሳሽ ፒኤች (የአሲድነት መለኪያ፤ ቁጥሩ ባነሰ መጠን አሲዱ ይበረታል) ከ1.5 እስከ 3.5 ሲሆን፣ ቧንቧው የጨጓራን ያህል መከላከያ የለውም።

የአልጋውን የራስጌ እግሮች ከ15 እስከ 20 ሴንቲ ሜትር ከፍ ያድርጉ። ራት ከመኝታ ከ2 እስከ 3 ሰዓት ቀደም ብሎና በልክ ይሁን፤ ቅባት ምግቡን ጨጓራ ውስጥ ያቆየዋል። በግራ ጎን ሲተኙ አሲዱ ከመግቢያው ዝቅ ብሎ ይቀመጣል። ሲጋራ ጡንቻውን ያላላዋል። በሳምንት ከሁለት ጊዜ በላይ ከተመላለሰ ይታከሙ። የመዋጥ ችግር፣ ያለ ምክንያት መክሳት፣ ደም ማስታወክ ወይም የጠቆረ ሰገራ ካለ ቀጠሮ አይጠብቁ። ወደ ክንድ ወይም መንጋጋ የሚሠራጭ፣ ላብ ያለበት የደረት ሕመም ደግሞ ከልብ ሊሆን ስለሚችል እንደ ቃር አይቁጠሩት፤ ወዲያው ድንገተኛ ክፍል ይሂዱ።

ጥያቄ፦ ጨጓራ ሥጋን ከፈጨ ራሱን ለምን አይፈጭም?

መልስ፦ አሲዱ የፕሮቲንን እጥፋት ይፈታል፣ ብዙ ጀርሞችንም ይገድላል። ፕሮቲኑን የሚበጣጥሰው ግን ፔፕሲን ነው። ሕዋሳቱ ይህን ኢንዛይም የሚያመነጩት ገና ሥራ ባልጀመረ መልኩ ነው፤ የሚቀሰቅሰው ወጥቶ የሚያገኘው አሲድ ነው። ግድግዳውን ደግሞ ዝልግልግ ንፍጥ ይሸፍነዋል፤ በውስጡ ያለው ባይካርቦኔት ወደ ሕዋሳቱ የሚጠጋውን አሲድ ያረክሳል። የላይኞቹ ሕዋሳትም በጥቂት ቀናት ይተካሉ።

ይህ መከላከያ ሲሳሳ ቁስለት ይመጣል። ለረጅም ጊዜ ጥፋቱ በጭንቀትና በቅመም ላይ ሲጣል ቢኖርም፣ ዋናዎቹ ምክንያቶች ሄሊኮባክተር ፓይሎሪ የተባለው ባክቴሪያና አንዳንድ የሕመም ማስታገሻዎች ናቸው። ባክቴሪያውን ያገኙት ባሪ ማርሻልና ሮቢን ዋረን እ.ኤ.አ. በ2005 የኖቤል ሽልማት ተቀብለዋል። አስፕሪን፣ ኢቡፕሮፌንና ዳይክሎፌናክ ደግሞ መከላከያው እንዲመረት የሚያደርገውን ፕሮስታግላንዲን ያሳንሳሉ። ከምግብ ጋር መውሰድ የማቃጠል ስሜቱን ሊቀንስ ይችላል፤ ጉዳቱ በደም በኩልም ስለሚደርስ ግን የቁስለትን አደጋ አያስቀርም።

ጥያቄ፦ ምግብ ላይ ውሃ መጠጣት መፈጨትን ያዘገያል?

መልስ፦ አያዘገይም። ውሃው ቶሎ ወደ ትንሹ አንጀት ያልፋል፤ ጨጓራም አሲድ መጨመር አያቅተውም። ጠጣሩ ወደ ኋላ ይቀራል፦ ጨጓራ በደቂቃ 3 ጊዜ ያህል እየተኮማተረ ወደ መውጫው ይገፋዋል፣ መውጫው ከ1 እስከ 2 ሚሊ ሜትር ያልደቀቀውን ይመልሰዋል። ስለዚህ አንድ ማዕድ ብዙ ጊዜ ከ2 እስከ 4 ሰዓት ይቆያል። ቶሎ የሚጠግብና ክብደት መጨመር የሚፈልግ ሰው ግን ውሃውን ከምግቡ በኋላ ቢያደርገው ይሻለዋል።